ምርጥ ምድጃን በማሽላ አገዳ ማንደድ፦ አመራረጥ፣ አተካከል፣ አያያዝና ጥገና

ምርጥ ምድጃ እንጀራ ለመጋገር የሚያገለግል፣ ዙሪያው የተዘጋ የማገዶ ምድጃ ነው። ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ድቃቂ ተደባልቆ በብረት ቅርጽ ማውጫ ይመረታል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኢትዮጵያ የኢነርጂ ባለሙያዎች ተሠርቶ ከ1998 ጀምሮ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ድጋፍ በየክልሉ ተስፋፍቷል። በትክክል ተተክሎ በደረቅ ማገዶ ሲነድ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶ ፍጆታን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። እንጀራ መጋገር በኢትዮጵያ ገጠር ከአንድ ቤተሰብ የኃይል ፍጆታ ከግማሽ በላይ የሚወስድ ሥራ በመሆኑ ቁጠባው ቀላል አይደለም።

በጎብዬ ከተማና በአካባቢዋ ባለው የራያ ቆቦ ቆላ ጉዳዩ የራሱ መልክ አለው። ሜዳው ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኝ ሞቃት አገር ነው፤ ቤት የሚያሞቅ ምድጃ አይፈለግም። እንዲያውም ተፈላጊው ሙቀቱ ወደ ክፍሉ ሳይወጣ ከምጣዱ ሥር እንዲቀር ነው። ደን የሳሳበት አካባቢ ስለሆነ ዋናው ማገዶ የማሽላ አገዳ፣ ጭራሮና ኩበት ነው። አገዳው ደግሞ የከብት መኖ፣ የአጥርና የማድ ቤት ግድግዳ መሥሪያም ነው። ነባሮቹ ረጃጅም የማሽላ ዝርያዎች ብዙ አገዳ ይሰጣሉ፤ ቶሎ የሚደርሱት የተሻሻሉ ዝርያዎች ግን አጫጭር ናቸው። ከከተማዋ ጋር ስም የሚጋራውና አቀንጭራ የተባለውን ጥገኛ አረም የሚቋቋመው «ጎብዬ» የተባለው ማሽላ እ.ኤ.አ. በ2000 አካባቢ ለገበሬ ሲቀርብ ከአንዳንድ ነባር ዝርያዎች በቁመቱ በእጅጉ ያነሰ ነበር። እንዲህ ያለውን ማሽላ የሚዘራ ቤተሰብ እህሉን ከድርቅና ከአቀንጭራ ቢያተርፍም የሚያነደው አገዳ ያንስበታል። ስለዚህ ያለውን አገዳ አብቃቅቶ ማንደድ የምድጃውም የአነዳዱም ጉዳይ ይሆናል።

የምድጃው ክፍሎች

መደበኛው ምርጥ ምድጃ ስድስት ቁራጮች አሉት። አራቱ ተገጣጥመው ምጣዱ የሚያርፍበትን ክብ ግድግዳ ይሠራሉ። ከእነዚህ አንዱ የማገዶ መግቢያ አፍ አለው፤ በተቃራኒው በኩል ያለው ደግሞ የጭስ መውጫ ቀዳዳ አለው። ሁለቱ ቀሪ ቁራጮች ከጭስ መውጫው ኋላ ቆመው ድስት ማስቀመጫ ይሆናሉ። ከምጣዱ ሥር ያለፈው ትኩስ ጭስ በዚያ በኩል ሲወጣ በላዩ የተጣደውን ወጥ ወይም ውሃ ያሞቃል።

አሠራሩ ቀላል ነው። በሦስት ጉልቻ ላይ እሳቱ በየአቅጣጫው ስለሚበተን ነፋስ ነበልባሉን ከምጣዱ ሥር ይገፋዋል። በምርጥ ምድጃ ግን አየር የሚገባው በአንድ አፍ፣ የሚወጣውም በአንድ ቀዳዳ ብቻ ነው። ነበልባሉ በምጣዱ ሥር ተዘርግቶ ለመሄድ ይገደዳል። ይህ የሚሆነው ግን ሌላ ክፍተት እስከሌለ ድረስ ነው። በቁራጮቹ መጋጠሚያ ወይም በምጣዱ ጠርዝ የጣት ውፍረት ያህል ክፍተት ካለ ምድጃው ወደ ጉልቻ ባሕርይ ይመለሳል። ከዚህ በታች ያለው የአተካከልና የጥገና ሥራ አብዛኛው ይህን ክፍተት ለመዝጋት ነው።

ሲገዛ የሚታይ

1. ቁራጮቹ ከአንድ ቅርጽ ማውጫ የወጡ መሆን አለባቸው። ከመገዛታቸው በፊት በደልዳላ መሬት ላይ ተገጣጥመው ይታያሉ፤ መጋጠሚያው ላይ ሰፊ ክፍተት ካለ አይወሰዱም።

2. የቤቱ ምጣድ ስፋት አስቀድሞ በገመድ ይለካል። ምጣዱ በግድግዳው ላይ ዙሪያውን እኩል ማረፍ አለበት። ጠርዙ ወደ ውስጥ ከገባ ይወድቃል፤ በብዙ ከወጣ ደግሞ ዳር ዳሩ ሳይሞቅ ይቀራል፣ እንጀራውም ጠርዙ አይበስልም።

3. እያንዳንዱ ቁራጭ በጣት አንጓ ይንኳኳል። ደህናው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተሰነጠቀው የታፈነ ድምፅ ያሰማል። ጠርዙ በእጅ ሲፈተግ እንደ አሸዋ የሚራገፍ ከሆነ ሲሚንቶው አንሷል ወይም ሲደርቅ በቂ ውሃ አልጠጣም።

4. ምድጃው ከተመረተ በኋላ ስንት ቀን እንደቆየ ይጠየቃል። ሲሚንቶ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት በየቀኑ ውሃ እየጠጣ በጥላ ሥር መቆየት አለበት፤ ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው በ28 ቀን ገደማ ነው። ሳይጠነክር እሳት ያየ ምድጃ በጥቂት ጋገራ ይሰነጠቃል።

ቁራጮቹ ከባድ ስለሆኑ በጋሪ ወይም በመኪና ሲጫኑ በጭድ ወይም በአሮጌ ጆንያ ተለያይተው በጠርዛቸው ይቆማሉ። ተደራርበው ከተጫኑ በመንገድ ላይ ይነቃሉ።

ቦታ መምረጥና መትከል

ምድጃው የሚተከለው ዝናብ በማይደርስበት፣ ግን አየር በሚዘዋወርበት ማድ ቤት ውስጥ ነው። የማገዶ አፉ ነፋስ በቀጥታ ወደሚገባበት በር መዞር የለበትም፤ ብርቱ ነፋስ እሳቱን ከልክ በላይ ያፋፍማል፣ አገዳውንም በከንቱ ያስጨርሳል። በአካባቢው ብዙ ማድ ቤት በአገዳ የታጠረ ወይም በሣር የተከደነ በመሆኑ ምድጃው ከግድግዳው ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ። ይህን ያህል ቦታ ከሌለ ከምድጃው ጀርባ ያለው ግድግዳ ከሥር እስከ ሰው ቁመት በጭቃ በደንብ ይለሰናል። ከጭስ መውጫው በላይ በጣሪያው ወይም በግድግዳው ጫፍ መውጫ ክፍተት ያስፈልጋል፤ ምርጥ ምድጃ ጭሱን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም።

አተካከሉ እንደሚከተለው ነው።

1. ከድንጋይና ከጭቃ እስከ ጉልበት ወይም ከዚያ ከፍ ያለ መደብ ይሠራል። መደቡ ጋጋሪዋ ሳትጎነበስ ቆማ ወይም ዱካ ላይ ተቀምጣ እንድትጋግር ያስችላል፤ ሕፃናትንም ከእሳቱ ያርቃል። መደቡ ደርቆ እስኪጠነክር ጥቂት ቀናት ይጠበቃል።

2. የመደቡ ላይ በውሃ ልክ ወይም በሳህን ውሃ ይለካል። ምጣድ ካዘነበለ ሊጡ ወደ አንድ ወገን ይፈስሳል፣ እንጀራውም አንዱ ወገን ወፍራም፣ ሌላው ቀጭን ይሆናል።

3. አራቱ ቁራጮች በክብ ይቆማሉ። መጋጠሚያዎቻቸው ከውስጥም ከውጭም በጭቃ ይመረጋሉ። ጭቃው ከጥቁር አፈር ብቻ ሲሆን ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፤ ከቀይ ሸክላ አፈር፣ ከደቀቀ የጤፍ ጭድና ከተነፋ አመድ ተቦክቶ አንድ ቀን ቢያድር ይሻላል።

4. የምድጃው ወለል በደረቅ አመድ ወይም በደቃቅ አፈር ይሸፈናል። ይህ ሙቀት ወደ መደቡ እንዳይሰርግ ያግዳል፤ ነበልባሉንም ወደ ምጣዱ ያስጠጋል። ሙሌቱ እስከ ማገዶ አፉ የታች ጠርዝ ድረስ ብቻ ይሁን።

5. ድስት ማስቀመጫዎቹ ከጭስ መውጫው ኋላ ተቀምጠው ይመረጋሉ።

6. ምጣዱ ተጭኖ ጠርዙ ዙሪያውን በጭቃ ይደፈናል። ለዚህ ሲሚንቶ አይሠራም፤ ምጣድ በሙቀት ሲለጠጥ ሲሚንቶው ስለማይሰጥለት ይሰነጥቀዋል። ምጣዱ ሲለወጥም ጭቃ በቀላሉ ይነሳል።

7. ጭቃው በጥላ ከደረቀ በኋላ ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን ትንሽ እሳት ብቻ ይነድበታል። በሲሚንቶው ውስጥ የቀረው እርጥበት ቀስ ብሎ እንዲወጣ ያስፈልጋል፤ በመጀመሪያው ቀን ብርቱ እሳት ያየ ምድጃ ውሃው እንፋሎት ሆኖ ግድግዳውን ይሰነጥቃል።

አዲስ ምጣድ ከሆነ ማሟሸቱም አብሮ ይሠራል፦ ምጣዱ ቀስ በቀስ ሞቆ የተወቀጠ ጎመን ዘር ይነሰነስበታል፣ በማሰሻ ጨርቅም ገጹ እስኪለሰልስና እስኪጠቁር ደጋግሞ ይታሻል።

አገዳውን ማዘጋጀት

የምድጃው ጥቅም በማገዶው ድርቀት ይወሰናል። 1 ኪሎ ግራም ውሃን ወደ እንፋሎት ለመለወጥ፣ ለማፍላት የሚያስፈልገው ሳይቆጠር፣ ወደ 2.3 ሜጋ ጁል ሙቀት ይጠፋል። እርጥብ አገዳ ያንን ሙቀት ከራሱ ስለሚወስድ ምጣዱ ዘግይቶ ይሞቃል፣ ማድ ቤቱም በጭስ ይሞላል። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ቤት ለማሞቅ የሚያገለግሉት የፔሌት ምድጃዎች የሚያነዱት የታመቀ የእንጨት ብናኝ እርጥበቱ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ የሚደረገው በዚሁ ምክንያት ነው። እነዚያ ምድጃዎች ማገዶውን የሚገፋ የኤሌክትሪክ ጠምዛዛ ዘንግና አየር የሚነፋ ማራገቢያ አላቸው፤ በምርጥ ምድጃ ሁለቱንም ሥራ የምትሠራው ጋጋሪዋ ናት። ስለዚህ ማገዶው ቀድሞ መሰናዳት አለበት።

መከር በኅዳር አካባቢ ሲሰበሰብ አገዳው ሁለት ድርሻ ይደረጋል። ቅጠሉና ቀጭኑ የላይኛው ክፍል ለከብት ይቀመጣል፤ ወፍራሙ የታችኛው ክፍልና ከብት ያስተረፈው ለማገዶ ይለያል። ይህ ከብቱንም ምድጃውንም ይጠቅማል፤ ቅጠል ቶሎ ቦግ ብሎ ያልቃል፣ አመዱም ብዙ ነው።

የማገዶው አገዳ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ደረቅ ወራት በፀሐይ ይሰጣል። ድርቀቱ በሁለት መንገድ ይታወቃል፦ ሲሰበር ቀጭ ብሎ ይሰበራል እንጂ አይታጠፍም፤ ውስጡም ነጭና ቀላል ይሆናል። ወፍራሞቹ በቁመታቸው ቢሰነጠቁ ውስጣቸው የያዘው እርጥበት ቶሎ ይወጣል። ከዚያ አንድ ክንድ ያህል ርዝመት እየተቆረጠ ይታሰራል። ረጅም አገዳ ከምድጃው አፍ ውጭ ሲነድ ሙቀቱ ለማድ ቤቱ እንጂ ለምጣዱ አይሆንም።

ክምሩ ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ይቀመጣል፤ መሬት የነካ አገዳ በቆላ አገር የምስጥ ሲሳይ ነው። የቆጡ እግሮች ላይ የምስጥ የአፈር መንገድ በየሳምንቱ እየታየ ይጠረጋል። የበልግ ዝናብ ከመጀመሩ በፊት ክምሩ ቢከደን ይመረጣል፤ የክረምቱ ማገዶ ግን ሐምሌ ሳይገባ የግድ ጣሪያ ሥር መግባት አለበት። በእያንዳንዱ ጋገራ ዋዜማ ለሚቀጥለው ቀን የሚበቃ ማገዶ ከምድጃው ራቅ ብሎ ማድ ቤት ውስጥ ቢያድር የመጨረሻውን እርጥበት ያጣል። ምድጃው ላይ ወይም ሥር ግን አይቀመጥም።

ኩበት ከአገዳ ጋር ቢቀላቀል እሳቱ ይረጋል፤ ሆኖም ጭሱ ብዙ ነው። እበት ማሳ ላይ የሚሰጠው ጥቅም ስለሚበልጥ አገዳ እያለ ኩበት ማንደድ አይመከርም።

መለኮስና መጋገር

አገዳ በክብደቱ ሲታይ ከእንጨት ብዙ ያላነሰ ሙቀት ይሰጣል፤ ነገር ግን ቀላልና ክፍት ስለሆነ ቶሎ ይነድዳል፣ ፍሙም አይቆይም። ስለዚህ በአንድ ጊዜ ብዙ ከማግባት ይልቅ ጥቂት በጥቂት መመገብ ይፈልጋል።

በመጀመሪያ ሊጡ፣ አክምባሎው፣ ሰፌዱና ማሰሻው በአንድ ላይ ይሰናዳሉ፤ ባዶ ምጣድ እየጠበቀ የሚነድ አገዳ ሁሉ ኪሳራ ነው። ከዚያ በምድጃው መካከል ጭራሮና ጥቂት የአገዳ ቅጠል ተቀምጦ ይለኮሳል። ነበልባሉ ሲይዝ እፍኝ የሚሞላ አገዳ በማራገቢያ ቅርጽ ተበትኖ ይገባል፤ ጫፎቹ በአንድ ቦታ ከተከማቹ የምጣዱ መሀል ሲያር ዳሩ ጥሬ ይሆናል። ከማገዶ አፉ ሲሶው ያህል ለአየር ክፍት መተው አለበት። አፉ በአገዳ ከተጠቀጠቀ እሳቱ ይታፈናል፣ ጭሱ ወደ ጋጋሪዋ ይመለሳል።

ምጣዱ ከ180 እስከ 220 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ለመጋገር ዝግጁ ነው። ቴርሞሜትር በሌለበት ቤት ጥቂት ሊጥ በማንጠባጠብ ይፈተናል፦ ቶሎ ዓይን ካወጣ ደርሷል፤ ወዲያው ካረረ በዝቷል። በመጀመሪያ ምጣዱን በማሞቅ የሚያልቀው ማገዶ ብዙ ስለሆነ በየቀኑ ጥቂት ከመጋገር ይልቅ ለሁለት ሦስት ቀን የሚበቃውን በአንድ ጊዜ መጋገር ያዋጣል። ጎረቤታሞች ተራ በተራ በአንድ የሞቀ ምድጃ ቢጋግሩ ደግሞ የማሞቂያው ማገዶ ይተርፋል።

አክምባሎው ምጣዱን በደንብ መክደን አለበት፤ ከውስጥ የሚቀረው እንፋሎት እንጀራውን ከላይ ያበስላል። በእያንዳንዱ እንጀራ መካከል ምጣዱ በማሰሻ ይታሻል፣ አንድ ወይም ሁለት አገዳም ይጨመራል። በጭስ መውጫው ላይ ድስት ሲጣድ ቀዳዳውን ሙሉ በሙሉ እንዳይደፍን ይታያል። የመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት እንጀራዎች በቀረው ሙቀት ስለሚወጡ አገዳ መጨመር ቀደም ብሎ ይቆማል። የምድጃው ወፍራም ግድግዳ ሙቀት አቅፎ ስለሚቆይ ከጋገራ በኋላ ቆሎ ለመቁላት ወይም ውሃ ለማሞቅ ይበቃል።

ጽዳት

አገዳ ከእንጨት ብዙ እጥፍ አመድ ይተዋል። አመዱ ካልወጣ የአየሩን መንገድ ይዘጋል፣ እሳቱንም ወደ አፉ ይገፋዋል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ጋገራ በፊት የቀደመው አመድ ይዛቃል፤ ለሙቀት መከላከያ የተሞላው ወለል ግን አይነካም። በአገዳ አመድ ውስጥ ያሉት ሲሊካና ፖታሲየም በብርቱ ሙቀት ቀልጠው ጠጣር ጓል ሊሠሩ ስለሚችሉ ጓል ከተገኘ ተለቅሞ ይጣላል።

አመድ ከላይ ቀዝቅዞ ሳለ ከሥሩ ፍም ሊይዝ ይችላል። በብረት ዕቃ ውስጥ ተደርጎ ቢያንስ አንድ ቀን ከቤትና ከክምር ርቆ ይቆይ። ከዚያ በጓሮ አትክልት ላይ በሥሡ ሊበተን ይችላል፤ ከዩሪያ ማዳበሪያ ጋር ግን አይቀላቀልም፣ ናይትሮጅኑን በአሞኒያ መልክ ያባርረዋልና።

በየሳምንቱ የጭስ መውጫው ቀዳዳና የድስት ማስቀመጫው ውስጥ ጥላሸት በእንጨት ይፋቃል። በየወሩ ምድጃው ሙሉ በሙሉ በቀዘቀዘበት ሰዓት የምጣዱ ጠርዝና መጋጠሚያዎቹ ይፈተሻሉ። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ክረምት ሲወጣ፣ ምጣዱ ተነሥቶ ከሥሩ የተጋገረው ጥላሸት ይጠረጋል፣ የወለሉ ሙሌት ይታደሳል፣ ዙሪያውም እንደገና ይመረጋል። ጥላሸት ሙቀት ስለማያስተላልፍ ወፍሮ የተጋገረበት ምጣድ ዘግይቶ ይሞቃል።

የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሔያቸው

ጭስ በማገዶ አፉ የሚመለስ ከሆነ፦ አገዳው እርጥብ ነው፣ አፉ ተጠቅጥቋል፣ ወይም የጭስ መውጫው በጥላሸት ወይም በድስት ተዘግቷል። በዚህ ቅደም ተከተል ይታያሉ።

ጭስ በምጣዱ ዙሪያ የሚወጣ ከሆነ፦ ጭቃው ተሰንጥቋል። ስንጥቁ በውሃ ረጥቦ በአዲስ ጭቃ ይሞላል፤ በደረቅ ላይ የተለጠፈ ጭቃ አይይዝም።

እንጀራው መሀሉ አርሮ ዳሩ ጥሬ ከሆነ፦ አገዳው አልተበተነም፣ ወይም የወለሉ ሙሌት ከፍ ብሎ ነበልባሉ እንዳይዘረጋ አድርጎታል።

በጭስ መውጫው በኩል ብቻ የሚያርር ከሆነ፦ እሳቱ በጣም ወደ ኋላ ተገፍቷል፤ ነፋስም በቀጥታ እየገባ ሊሆን ይችላል። እሳቱ ወደ መሀል ይሳባል፣ በሩ ይገርበባል።

በግድግዳው ላይ የፀጉር ውፍረት ያህል ስንጥቅ ከታየ፦ ብዙም አያሳስብም፤ በጭቃ ይለሰናል። ስንጥቁ ከውስጥ እስከ ውጭ ካለፈና ቁራጩ ለሁለት ከተከፈለ ዙሪያው በሽቦ ታስሮ ተመርጎ ለጊዜው ይሠራል፤ ነገር ግን ምጣዱ የሚያርፍበት ጠርዝ ከተናደ ቁራጩ መለወጥ አለበት።

ምጣዱ ከተሰነጠቀ፦ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ በጋለ ምጣድ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ወይም ቀዝቃዛ ምጣድን በብርቱ እሳት መጀመር ነው። የተሰነጠቀ ምጣድ ሊጥ ወደ እሳቱ ስለሚያወርድ ይለወጣል።

ቁጠባውን መመዘን

ምድጃው በትክክል መሥራቱ በሚዛን ይታወቃል። ከጋገራ በፊት የተዘጋጀው ደረቅ አገዳ በሚዛን ይመዘናል፤ ከጋገራ በኋላ የተረፈው ይቀነሳል፤ ልዩነቱ ለተጋገሩት እንጀራዎች ቁጥር ይካፈላል። ይህ በተመሳሳይ ሊጥና በተመሳሳይ ምጣድ ሁለት ሦስት ጊዜ ተደግሞ አማካዩ በግድግዳ ላይ ይጻፋል። ከወራት በኋላ ለአንድ እንጀራ የሚያልቀው አገዳ በግልጽ ከጨመረ ክፍተት ተፈጥሯል፣ ጥላሸት ተጋግሯል ወይም ማገዶው እርጥበት ይዟል ማለት ነው። ያው አኃዝ የዓመቱን ክምር ለማቀድም ይረዳል፦ በሳምንት በሚጋገሩት እንጀራዎች ቁጥር ተባዝቶ የሚገኘው የሳምንቱ ፍጆታ በ52 ሲባዛ ከመከሩ ላይ ምን ያህል አገዳ ለማገዶ፣ ምን ያህሉ ለከብት እንደሚለይ ያሳያል።

ጥንቃቄ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ምክንያት በዓለም ዙሪያ 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ገምቷል። ጭሱ ይበልጥ የሚጎዳው ማድ ቤት የሚውሉትን ሴቶችና በጀርባቸው የሚታዘሉትን ሕፃናት ነው። በጋገራ ሰዓት በርና መስኮት ይከፈታል፤ ሕፃን ከማድ ቤቱ ውጭ ይቆያል። ፍም የያዘ ዕቃ በተዘጋ መኝታ ክፍል ማሳደር ሽታ በሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሰው ይገድላል፤ ከምድጃው የወጣ ፍምም ቢሆን ያው ነው።

ከምድጃው አጠገብ አንድ ባልዲ ውሃና አንድ ባልዲ አሸዋ ይቀመጣል። ነፋስ በበረታበት ቀን በአገዳ በታጠረ ማድ ቤት መጋገር ቢዘገይ ይሻላል። ጋጋሪዋ የሚንጠለጠለውን የነጠላ ጫፍ ማሸረጥ ይገባታል። ሰው ከተቃጠለ ቦታው ወዲያው በቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ለ20 ደቂቃ ይታጠባል፣ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈናል፤ ቅቤ፣ ጭቃ ወይም የጥርስ ሳሙና አይቀባበትም። ቃጠሎው ሰፊ ከሆነ ወይም ፊትንና እጅን ከነካ በአቅራቢያው ወዳለ ጤና ጣቢያ ይኬዳል።

በእንዲህ ያለ አያያዝ ምድጃው ለዓመታት ያገለግላል። ከስድስቱ ቁራጮች አንዱ ሲሰበር ሁሉም አይጣልም፤ በዚያው ዓይነት ቅርጽ ማውጫ የተሠራ አንድ ቁራጭ ተገዝቶ በቦታው ይተካል፣ ይመረጋል፣ እንደ አዲስ ምድጃም በትንሽ እሳት እንዲደርቅ ይደረጋል።